ጤነኛ ቁጥር አንድ

እትዬ አስካለን ቅዳሜ ቀበርናቸው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «የማዕከላችን ባልደረባ የነበሩት ወይዘሮ አስካለ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። ከስሩ ማኅተም አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ አለ፤ እሱ በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው።

«ባደረባቸው ሕመም» የምትለዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። እዚያ ቆሞ መሳቅ ነውር ነው፣ ግን መጣ። ለቡ ያለው ማዕከላችን የሚያጠናው እኮ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን ከበሽታ እንዲጠብቁ የተፈጠሩ የደም ሴሎች ተሳስተው የገዛ ባለቤታቸውን ሲያጠቁ የሚመጡትን በሽታዎች። እትዬ አስካለን የገደላቸው ከእነዚያ አንዱ ነው። ስሙ ሉፐስ ይባላል። በራችን ላይ ተጽፏል፣ ካላንደራችን ላይ ታትሟል፣ የሻይ ኩባያችን ላይ ሳይቀር አለ። ሐዘናችንን ስንገልጽ ግን ድንገት ጨዋ ሆንንና «ባደረባቸው ሕመም» አልን። እሳቸው ቢያነቡት ኖሮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «እናንተ ሰዎች፣ ይኼን በሽታ የምታውቁት መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር ለምነውኝ ነበር። የላብራቶሪ ደብተር ውስጥ በእኔ እጅ የተጻፉ ሁለት ቃላት እንድሰርዝላቸው። እስክሪብቶና አምስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። አምስቱን ደቂቃ ለወራት አጣሁት።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ እውቀት ከእኔ ጋር ተወልዶ ከእኔ ጋር የሚሞት በሚመስለኝ ሰሞን ነበር ማዕከሉ የቀጠረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተር ላይ አንድ ቁጥር ተሳሳትኩና ነጭ ፍሉድ ቀባሁበት። ፍሉዱ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ ሳለ ከበላዬ አንዲት አጠር ያሉ፣ ጋዋናቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ሴት ቆመው አየሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ተሳስቼ ነው፣ እያስተካከልኩ።»

«ቀለም እየቀባህ ነው የማይህ። ቤት ልታከራይ ነው?»

ፍሉዱን ከእጄ ወስደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ደረት ኪሳቸው ላይ በክር ካሰሯቸው እስክሪብቶዎች አንዱን አወጡ። «እዚህ ቤት ስህተት አይደበቅም። በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ። አንድ! ከስሩ ያለው መነበብ አለበት። ጎኑ ላይ ትክክለኛውን ትጽፋለህ፣ ያረምክበትን ቀን ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ። የተሳሳትክበትን ቀን አይደለም፤ ያረምክበትን ቀን። ገባህ ዶክተርዬ?»

ያኔ ዶክተር አልነበርኩም። ስሙን የሰጡኝ ለስድብ ነው። በኋላ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን ስድብነቱ እየቀነሰ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ እየጨመረ ሄደ።

ሥራቸው ደም መለየት ነበር። ሲነገር ቀላል ነው። የታካሚውን ደም ቀድተው፣ ቲዩብ ውስጥ ካለ ወፍራም ፈሳሽ ላይ በጣም በዝግታ፣ በቲዩቡ ግድግዳ እያንሸራተቱ ያፈሱታል። ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። ከዚያ ማሽኑ ያሽከረክረዋል። ሲወጣ ቀዩ ወደ ታች ወርዶ፣ መሐል ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳች ነጭ ቀለበት ትንሳፈፋለች። የምንፈልጋቸው በሽታ ተከላካይ ሴሎች እዚያች ቀለበት ውስጥ ናቸው። እሷን ብቻ መጥጦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ አበቃ። የእኔ ቀለበት ሁልጊዜ የተቀደደ ደመና ይመስል ነበር። የእሳቸውን ቲዩብ ወደ መስኮቱ አንስተው ሲያዩት ግን ቀለበቷ በኮምፓስ የተሣለች ነበረች። «ሴሎቹ በሕይወት ካልደረሱ ሬሳ ነው የምትቆጥረው» ይሉኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ይህንን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ዲፕሎማ ነው ያላቸው። ጽሑፎቻችን ላይ ስማቸው የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ «እናመሰግናለን» በሚለው ክፍል፣ ከሾፌሩና ከኢንተርኔት ባለሙያው መካከል ነበር። አንድ ጊዜ ጭራሹን ረሳናቸው። «ምስጋናው ደርሶኛል» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ለታካሚዎች በሽታቸውን የሚያስረዱት ሐኪሞቹ መሆን ነበረባቸው። ሐኪሞቹ ያስረዱና ታካሚው ግራ ተጋብቶ ወደ እትዬ አስካለ ይመጣል። ዘይነባን የማስታውሳት እንዲያ ስትመጣ ነው። መካኒሳ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥ፣ ሉፐስ ያለባት ሴት ናት። ደም ልትሰጥ ተቀምጣ፣ «ሐኪሙ የገዛ ሴሎችሽ ናቸው የሚያጠቁሽ አለኝ። ምን በድያቸው?» አለቻቸው።

እትዬ አስካለ ክንዷን እያሰሩ፣ «እኛ ሰፈር ተዋጥተን ዘበኛ ቀጥረን ነበር» ብለው ጀመሩ። «ሃያ ዓመት የኖርኩበት በር ላይ መታወቂያ ይለኛል። ዕቃዬን ይፈትሻል። የጎረቤቴን የውኃ ፓምፕ ተሸክመው የወጡትን ሰዎች ግን በር ከፍቶ፣ 'አይዟችሁ፣ ከባድ ነው' ብሎ ሸኛቸው። ያንቺም ሴሎች እንዲያው ናቸው ዘይኑ። ሰነፎች አይደሉም። ችግሩ ትጋታቸው ነው።»

«ታዲያ ዘበኛውን አባረራችሁት?»

«እሱንማ ካባረርን ሌባው ሁሉ ይገባል። አረጋጋነው። ይኼ የምትውጪው መድኃኒትም ማረጋጊያ ነው። በራስሽ ጊዜ እንዳታቋርጪው።»

ዘይነባ መድኃኒቷን አላቋረጠችም። እኔ ይህንኑ ነገር ለማስረዳት አርባ ስላይድ ነበረኝ።

እንግዲህ የበሽተኛ ደም ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ጎኑ የሚቀመጥ የጤነኛ ደም ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው ማግኘት ደግሞ ከበሽተኛ ይከብዳል። ጤነኛ ሰው ሥራ አለው። ከመካኒሳ ታክሲ ተሰልፎ ለቡ ድረስ መጥቶ ደሙን ሰጥቶ የሚሄደው ምን ሊጠቀም ነው? ስለዚህ የማዕከሉ ሠራተኞች እጅጌያችንን ሰበሰብን። ከሁሉም ቀድመው የሰበሰቡት እትዬ አስካለ ናቸው። ቲዩባቸው ላይ «ጤ-01» ተብሎ ተጻፈ፤ ጤነኛ ቁጥር አንድ ማለት ነው። በየሦስት ወሩ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ራሳቸው ይለያሉ። «ጤነኛዋ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» እያሉ ይገቡ ነበር። በማዕረጋቸው ይኮሩ ነበር፣ እንደ ቀልድ አድርገው።

ከመቀዳታቸው በፊት የሚሞላ መጠይቅ አለ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ።

«ጠዋት ጠዋት የመገጣጠሚያ ሕመም ይሰማዎታል?»

«ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎት ጠዋት ዘሎ የሚነሳ ሰው ካገኘህ እሱን አጥናው፣ እኔን ተወኝ።»

ሳቅሁና «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ከወትሮው የተለየ ድካም?»

«ካንተ ጋር እየሠራሁ?»

«የለም።»

በየሦስት ወሩ እንዲህ ስንቀልድ ከረምን። እሳቸው ስላሾፉ የማያማቸው መስሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ቀልድ ወረቀቱ ላይ «የለም፣ የለም፣ የለም» ሆኖ ተቀምጧል። አሁንም አለ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

አንድ ቀን ለቡ መብራት ኃይል ጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆይተው መጡ። በማግስቱ ሁለቱ ጉንጫቸውና የአፍንጫቸው አናት ላይ የሆነ ነገር ወጣ። ትኩሳትም ነበራቸው። በሽታ ተከላካይ ሴሎችን የሚያጠና ማዕከል፣ በግቢው ውስጥ ሦስት ዶክተሮች ያሉት ማዕከል፣ ተሰብስቦ አያቸው። በሙሉ ድምፅ «ምች ነው» አልን። ኃላፊያችን ዶክተር ያሬድ ራሱ፣ «ዳማከሴ አሽተው ይሽተቱት፣ ፀሐይ አይግቡ» አለ። ዳማከሴውን ከጎረቤት አጥር ቀጥፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በምርምር ሥራዬ ውስጥ ያን ያህል ፈጥኜ የሠራሁት ነገር የለም።

የሚያናድደኝ ይኸውና። የሉፐስ ታካሚ ፊት ላይ የሚወጣውን ምልክት በየዓመቱ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ስላይድ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ጉንጭና ጉንጭ፣ በአፍንጫ አናት ላይ የተያያዘ፣ ፀሐይ የሚያባብሰው። ስላይዱ ላይ ያለችው ሴት ግን ፈረንጅ ናት፤ ፊቷ ላይ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። የእትዬ አስካለ ፊት ጠይም ነው፤ እሳቸው ላይ ጠቆር አለ እንጂ አልቀላም። እኔ ደግሞ ቀይ ነበር የምጠብቀው። ስላይዱ ላይ ያለችው ሴት የታክሲ ሰልፍ ላይ ብትቆም ኖሮ ወዲያው አውቄባት ነበር።

ቀጥሎ ደማቸው ወሬ ማውጣት ጀመረ። ሴሎቹን የሚቆጥረው ማሽን ውጤቱን ስክሪን ላይ በነጥቦች ያሳያል። የታካሚዎቹ ነጥቦች ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ፣ የጤነኞቹ ወደ ሌላው። ለሁለት ዓመት ያህል ጤ-01 ከጤነኞቹ ጋር ጨዋ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አሁን ቀስ እያለ ተነስቶ ወደ ታካሚዎቹ ሠፈር ሄደ። በመጀመሪያ በሩ ላይ ቆመ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገባ።

ማንም ሰው፣ ሽንኩርት ሻጭም ይሁን ዘበኛ፣ ይህንን ሲያይ «ሴትዮዋ ታማ ይሆን?» ይላል። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። «ቲዩብ ተቀያይሮባቸዋል፣ የታካሚውን ደም በራሳቸው ስም መዝግበውታል» ብዬ ደመደምኩ። ደብተሩ ላይ፣ በውጤቱ ጎን፣ «የእጅ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት አነበቡት። ቁጣቸው ጩኸት አልነበረውም። «እጄ ምን አለ?» አሉ ብቻ።

«እትዬ፣ ሰው ይሳሳታል። ብዙ ቲዩብ ነበረ ያን ቀን።»

«እኔ ቲዩብ አልቀያይርም።»

«ውጤቱ እኮ...»

«ውጤቱን አየሁት። እጄ ነው ወይ ያልኩህ።»

ድጋሚ ተቀዱ። ያው። እንደገና ጻፍኩ። ሦስተኛ ጊዜ፣ እንዲያ እያልን እስከ ሰባተኛ ጊዜ ተቀዱ፤ እኔም በየጊዜው ጻፍኩ። ያው። ስምንተኛው ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ፊቴ ተቀመጡ፤ «ራስህ ቅዳ፣ ራስህ ለይ፣ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አያለሁ» አሉ። ቀዳሁ፣ ለየሁ፤ ቀለበቴ እንደ ልማዷ ተቀደደች። ማሽኑ ያንኑ ውጤት ሰጠኝ። ከዚህ በኋላ ምን ማሰብ ነበረብኝ? ቀላል ነው። ከውጭ የመጣው ኬሚካል ጉምሩክ ሲቆይ ሙቀት አግኝቶት ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ።

«ለሌላው ሁሉ ደህና የሆነ ኬሚካል ለኔ ብቻ ተበላሸ?» አሉ እትዬ አስካለ።

መልስ በመስጠት ፈንታ ለአለቃዬ ለዶክተር ያሬድ ነገርኩ። የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ማስረከቢያ ደርሶ ነበር፤ ጤ-01 ከጥናቱ ሲወጣ ግራፉ እንደሚያምር አውቃለሁ። አወጣኋቸው፣ አማረ። በእሳቸው ቦታ ሾፌራችን ጤነኛ ሆኖ ተሾመ። ዶክተር ያሬድ ደግሞ «ለጥራት ሲባል» እትዬ አስካለን ከደም መለያው ጠረጴዛ አንስቶ ታካሚ መመዝገቢያ ክፍል አስገባቸው። ደብተሩ ላይ ሰባት ቦታ «የእጅ ስህተት» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ሰባቱም ተፈርሞባቸዋል።

የማዕከሉን ዓላማ የሚገልጸው ጽሑፍ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። «እነዚህ በሽታዎች ምልክት ከመስጠታቸው በፊት በሴሎች ውስጥ እንዴት እንደሚጀምሩ ማወቅ» ይላል። ምኞታችን ይኼ ነበር፤ በሽታው ሲጀምር ማየት። እግዚአብሔር ሰማን። በገዛ ጠረጴዛችን ላይ፣ በየሦስት ወሩ፣ ከጤና እስከ ሕመም ደረጃ በደረጃ አሳየን። እኛ ደግሞ ሰባት ጊዜ ሰረዝነው።

መመዝገቢያ ክፍል ከገቡ በኋላ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ጫማቸው አልገባ ሲላቸው ነጠላ ጫማ አድርገው መጡ። በላብራቶሪ ደንብ ክፍት ጫማ ክልክል ነው። ስለዚህ የኩላሊታቸው መታመም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው በሐኪም ሳይሆን በአስተዳደር ነው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ደብዳቤውን ለሁለት አጥፈው ከጠረጴዛቸው አጭር እግር ስር አደረጉት። ጠረጴዛው መነቃነቁን አቆመ። ከማዕከሉ ወረቀቶች ሁሉ ጥቅም ላይ የዋለው እሱ ብቻ ነው።

ያወቀችው ዘይነባ ናት። ለቀጠሮዋ መጥታ ስትመዘገብ እትዬ አስካለ እስክሪብቶውን በሦስት ጣት መያዝ አቅቷቸው በጭብጣቸው ይዘውት አየች። ፊታቸውን አየች። ጎንበስ ብላ እግራቸውን አየች። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ስልኬን እያየሁ ነበር።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲነሱ ጣትዎ ይታጠፋል?»

«እስኪሞቅ ድረስ አይታጠፍም። ብርድ ነው።»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይማ ጠላቴ ሆናለች።»

ዘይነባን አላሳቃትም። እጃቸውን ያዘች። «እኔም እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረኝ። ወላሂ እትዬ፣ እርስዎ ከኛ ወገን ነዎት። ዛሬውኑ ይመርመሩ።»

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ታዩኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም የነገረኝ አልነበረም ልል ፈለግሁ። ሰባት ጊዜ ተነግሮኛል። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም።

የሆስፒታሉ ውጤት በሳምንቱ ደረሰ፤ ሉፐስ፣ ኩላሊት የነካ። እትዬ አስካለ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ ክፍል መጡ። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ መሐረብ እየፈለግሁ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«አየህ ዶክተርዬ?» አሉ። «እጄ ደህና ነው።»

መሐረቡን መፈለግ ተውኩ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ሰባቱንም ልክ ነበር የሠራሁት። ማሽኑም ልክ ነበር። ኬሚካሉም ልክ ነበር። አሁን ደብተሩን አስተካክልልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«አሁኑኑ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ለዶክተር ያሬድ ነገርኩት። ደነገጠ፣ አዘነ፣ ለሕክምናቸው የሚሆን ደብዳቤ በራሱ እጅ ጻፈ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ደብተሩ ስነግረው ግን፣ «አሁን አይነካካ» አለ። የጥናቱ ጽሑፍ ታትሟል። ሰባት መስመር ከታረመ «ታዲያ ለምን አወጣችኋቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ከመጣ የእኔ ዲግሪም አብሮ ይመጣል። «የጥራት ኮሚቴው ይየው» ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሦስት አባላት ሲገኙ ነው። ሁለት ሁለት እየሆንን ከረምን። አንደኛው አባል እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ለኩላሊት ታካሚ ብርቱካን እንደማይመከር ነርሷ ነገረችኝ። እትዬ አስካለ ተኝተው ነበር፣ እጆቻቸው አንሶላው ላይ፣ ያበጡ ጣቶች። ልጃቸው ሜሮን ውኃ ልታመጣ ወጥታለች።

«ደብተሩስ?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ኮሚቴው እያየው ነው።»

«አንድ መስመር ለመሳብ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«እትዬ፣ ጥናቱ ታትሟል። አሁን ጤነኛ ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ስንነካ...»

«ጤነኛ አድርጉኝ መች አልኩ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኗል። «እኔ የሞትኩ እንደሆን በሽታ ነው፤ ሰው ይሞታል። ግን ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ እጅ ነው የኖርኩት። የሚመጡት ልጆች ደብተሩን ሲከፍቱ 'አስካለ እጇ ተበላሽቶ ነበር' ብለው እንዲያነቡ አልፈልግም። እጄን አጽዳልኝ።»

«እሺ» አልኩ። አሁን ሳስበው በዚያ ዓመት በጣም ብዙ ጊዜ «እሺ» ብያለሁ።

አርብ ዐረፉ። እሑድ መካኒሳ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ መንገድ ዳር ተተክሏል፤ ታክሲዎቹ ሲያልፉ ሸራው ይርገበገባል። ዘይነባ ጥግ ላይ በሻሽ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣለች። የማዕከላችን ሰዎች በቡድን ተቀምጠን ስለ እትዬ አስካለ ቀልደኝነት እያወራን ነበር። ሜሮን ተነስታ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ዶክተርዬ የምትልህ አንተ ነህ?»

«አዎ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ሐሙስ ዕለት፣ መናገር ሊያቅታት ሲል፣ 'ደብተሩን አስተካከለው?' ብላ ጠየቀችኝ። የትኛውን ደብተር እንደሆነ አላውቅም። አስተካክሎታል አልኳት። ደስ አላት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ዋሸኋት እንዴ?»

ባልደረቦቼ ወደ መሬት አዩ። እኔም መሬቱን አየሁ። «አልዋሸሻትም» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ያን ማስታወቂያ ካነበብኩ በኋላ ያደረግሁት ይኼ ነው። ኮሚቴውን ሳልጠብቅ፣ ዶክተር ያሬድን ሳልጠይቅ፣ መዝገብ ክፍል ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ከቀረው ከእትዬ አስካለ አሮጌ ጋዋን ኪስ ላይ በክር የታሰረውን እስክሪብቶ ፈታሁ። የመጀመሪያውን «የእጅ ስህተት» በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ጎኑ ላይ፣ «ናሙናው ትክክል ነው። የሠራው እጅም ትክክል ነው። የተሳሳተው የመዘገበው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ሐሙስ ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? የሐሙስን ቀን ብጽፍ ሜሮን እናቷን አልዋሸችም ማለት ነው። እኔም ለቅሶ ቤት አልዋሸሁም ማለት ነው። እትዬ አስካለም በሕይወት እያሉ እጃቸው ጸዳ ማለት ነው። አራት ቀን ወደኋላ፣ ሰባት ቦታ። ከፍሉድ የበለጠ ንጹሕ ነበር፤ ምንም አይታይም።

«የተሳሳትክበትን ቀን አይደለም፤ ያረምክበትን ቀን።»

ሰኞን ጻፍኩ። ሰባቱም ላይ ሰኞን ጻፍኩና ፈረምኩ። ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ ደብተር ከግቢ አይወጣማ። ለዶክተር ያሬድ ላክሁለት፤ ስለ ታተመው ጽሑፍና ስለ ዲግሪዬ ማንን ማነጋገር እንዳለብኝ እንዲነግረኝም ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ስብሰባ ላይ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ መካኒሳ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳስቷል። ሜሮን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። ፎቶውን በሁለት ጣቶቿ አጉልታ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ከስር የተሰረዘው እኮ ይነበባል» አለች።

«እንዲነበብ ነው። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

እንደገና አየችው። «ቀኑ የዛሬ ነው።»

«የዛሬ ነው» አልኩ። «ትናንት ዋሸሁሽ።»

ሜሮን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። እንድሄድላት የምትጠብቅ መሰለኝና ልሄድ ዞር ስል፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።